ማንም ሳያነሳኝ

የቦርሳ ጠባቂ ነበርኩ። ለዚህ ሥራ ማንም አልሾመኝም፤ ማንም ደግሞ አልሻረኝም። ከሲልቫኖ ጋር ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ ለአንድ ሳምንት በሰሜን ጣልያን ወዳሉት ዶሎሚት ተራሮች ይወጣል። ነጩ ሳምንት እንለዋለን። እነሱ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪያቸውን አስረው ሽቅብ ይሄዳሉ። እኔ ተራራው ሥር ካለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዤ፣ ቦርሳውን፣ ጃኬቱን፣ ጓንቱን፣ ሞርታዴላ የገባበትን ዳቦ ከፊቴ ደርድሬ እቀመጣለሁ። ሲርባቸው ይመጣሉ፣ ሲጠግቡ ይሄዳሉ። አንድ ዓመት አንድ ጀርመናዊ፣ አስተናጋጅ መስዬው፣ ቢራ አዘዘኝ። ሄጄ አመጣሁለት፤ ምን ላድርግ።

ነሪና እባላለሁ፤ የሜዳ ሰው ነኝ። በእኛ አገር ከፍታ ማለት የፖ ወንዝ ግድብ ነው፤ እሱንም በብስክሌት ሳያለከልኩ ይወጡታል። ቤቴ ከዚያ ግድብ ሥር ናት። ሲልቫኖ የሞተውም እዚያው ነው፣ የተከለው የበለስ ዛፍም እዚያው ነው። ከሞተ በኋላ ብቻዬን እኖርባታለሁ። ብቻዬን መኖር ደግሞ፣ ልጄ ምንም ቢል፣ በሽታ አይደለም።

ባለፈው ኅዳር ግን ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ደረቅ ወለል ላይ ወደቅኩ። መዳፌን ዘርግቼ ልድን ስል የግራ እጄ አንጓ ቀጭ አለ። ጎረቤቴ መጥታ እስክታነሳኝ ድረስ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሜ የወለሉን ንጣፍ ሳይ ቆየሁ። ልጄ ዴኒስ ፓዶቫ ከተማ ነው የሚኖረው፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አደጋ ሲያስብ ውሎ ደመወዝ ይበላል። ሆስፒታል ሲደርስ ፊቱ ከእኔ ብሶ ነጥቶ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዲት ጥያቄ ጠየቀኝ፦ በሚቀጥለው ስትወድቂ ማን ያነሳሻል? እጄ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ መድኃኒቱ አፍዞኝ፣ ቤቴን ዘግቼ እነሱ ዘንድ እንድገባ ሲለምነኝ፣ እሺ አልኩ። ያቺ እሺ ከአፌ ከወጣች ጀምሮ እንቅልፍ አላስተኛችኝም።

ልጄ ክፉ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ክፉ ቢሆንማ ቀላል ነበር።

ዘንድሮ ነጩ ሳምንት በጀመረበት ቅዳሜ ማታ እራት ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ዴኒስ፣ ሚስቱ ኢላሪያና የባሌ ወንድም ጋስቶኔ። ሾርባው ውስጥ እንደ ብርቱካን የሚያካክሉ የዳቦ ድብልብሎች ነበሩ። አንዱን በማንኪያ እየገመስኩ ሳለ ዴኒስ እንደ ዋዛ ጣል አደረገው። ነጩ ሳምንት አልቆ እንደተመለስን፣ ሰኞ ዕለት፣ ቤቴን ሊገዙ የፈለጉ ባልና ሚስት ሊያዩት ይመጣሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። የእኔንም ክፍል ቀለም አስቀብተዋል፣ ሐምራዊ። ኢላሪያ እንደምወደው ተስፋ አድርጋለች። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ነገ ስኖውቦርድ መማር እጀምራለሁ» አልኩ፤ ሁለት እግር በአንድ ሳንቃ ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን።

ጋስቶኔ ሾርባው በአፍንጫው ሊወጣ ምንም አልቀረውም። በዚያ ሳንቃ ላይ የሚወጡት ጆሯቸውን የተበሱ ጎረምሶች ናቸው፤ ከፈለግሽ ስኪ ተማሪ አለኝ። ስኪማ የእነሱ ነው። ስንት ዓመት ከበረንዳዬ ሆኜ ጀማሪ ሳይ ኖሬያለሁ። ስኪ ተማሪ ሲወድቅ አራት ዕቃ በአራት አቅጣጫ ይበተናል፤ ዱላውን አንዱ፣ ስኪውን አንዱ ይለቅምለታል፣ ሌላው ብብቱን ይዞ ያቆመዋል። ሳንቃ ላይ ያለው ግን ሁለት እግሩ ታስሯል፤ ሲወድቅ ዝርግፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ራሱ ይነሳል። ሲያነሱት አይቼ አላውቅም።

«እማዬ፣ ደረቅ ወለል ላይ የወደቅሽ ሰው ነሽ» አለኝ ዴኒስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱን ነው የምልህ። የዛሬ ሳምንት፣ በገመድ ተራራውን የሚወጣው ወንበር ሰው ከሚያወርድበት ጫፍ እስከ በረንዳው ድረስ እወርዳለሁ። ከወረድኩ ያቺን እሺዬን ትመልስልኛለህ። ካልወረድኩ ሰኞ ቁልፉን በገዛ እጄ ለሰዎቹ እሰጣለሁ።»

«ሳትወድቂ?»

«ማንም ሳያነሳኝ።»

ሚስቱን አየት አደረገና እሺ አለ። እንደማልችል አምኖ፣ አዝኖልኝ ነው እሺ ያለው። ከዘለፋው ሁሉ ያቃጠለችኝ ያቺ ማዘኑ ናት።

አስተማሪዬ ኤጎን ይባላል፤ የዚያው ሸለቆ ሰው ነው። በጀርመንኛ አስቦ በጣልያንኛ ይናገራል፣ ፈገግታን እንደ ዓይን መድኃኒት በጠብታ ይሰጣል። አብረውኝ የሚማሩት ከቼክ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም የጥርስ ሐኪሞች። በመጀመሪያ የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን መለየት አለበት አለን። ብርቱው እግር ከኋላ ይሆናል፣ የሚነዳው እሱ ነው፤ ሌላው ከፊት ሆኖ ይመራል። እሱ ይህን የሚለይበት የራሱ ዘዴ አለው፦ በአንድ ጉልበት ተንበርከኩ፣ ከፊት የቀረው እግር መሪው ነው። የጥርስ ሐኪሞቹ እንደመጣላቸው ተንበረከኩ። እኔም ተንበረከክኩ፤ ቀኝ ጉልበቴ በረዶውን ነካ፣ ግራ እግሬ ከፊት ቀረ። እጄ ሳላዘው ሊያማትብ ወደ ግንባሬ ሲሄድ ከሄልሜቱ ጋር ተጋጨና መለስኩት። ኤጎን፣ ግራ ከፊት፣ ብሎ ማሰሪያዎቹን አጠበቀልኝ።

ቀጥሎ ያስተማረን መውደቅን ነው። መዳፍ አትዘርጉ፣ ጨብጡ። ወደ ፊት ከሆነ በክንዳችሁ፣ ወደ ኋላ ከሆነ በመቀመጫችሁ። ከዚያ በሆዳችሁ ተገልበጡ፣ በጉልበታችሁ ሁኑ፣ በጭብጣችሁ መሬቱን ግፉና ተነሱ። በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደሚወደቅ የሚያስተምረኝ ሰው አገኘሁ። ኅዳር ላይ ይህን የሚነግረኝ ቢኖር አንጓዬ ባልተሰበረ ነበር።

መውደቁንስ አሳመርኩት። መሄዱ ነው እምቢ ያለኝ። ሳንቃውን ወደዚህ ስለው ወደዚያ ይላል፣ ቁም ስለው ይነጉዳል፣ ሂድ ስለው ይገተራል። የጥርስ ሐኪሞቹ በሁለተኛው ቀን እየተሳሳቁ ይወርዱ ጀመር። እኔ ግራ ገባኝ። እግሬ የሰው እግር መሰለኝ። ሰኞም ማክሰኞም ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ፤ ሕፃናት በአጠገቤ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሲያልፉ ይቅርታ ይሉኛል፣ ይቅርታቸው ራሱ ስድብ ነበር።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጋስቶኔ ምሳ ላይ ተነስቶ ቆሞ አወዳደቄን ለጎረቤት ጠረጴዛ ሳይቀር ያሳያል። ቦርሳዎቹ ያለ ጠባቂ ስለቀሩ አንድ ጓንቱ ጠፍቶበት ነበርና ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ነሪና ቦታዋ ላይ ብትሆን ኖሮ ጓንቴ ቦታው ላይ ይሆን ነበር አለ። ቦታዬ! እንግዲህ ስንት ዓመት ስቀመጥ ወንበሩ ላይ ስሜ ተጽፎ ኖሯል።

ማታ ኢላሪያ ቅባት ይዛልኝ መጣች። ጀርባዬ በልዞ የበሰለ በለስ መስሏል። እያሸችኝ ሳለ፣ «እማማ፣ ይበቃዎታል። ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ ነው» አለችኝ።

«ልላላጣ። ቆዳው የኔ ነው» አልኳት።

ደግ ልጅ ናት፤ አልተቀየመችኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በመተላለፊያው ሳልፍ የዴኒስ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። በስልክ፣ አዎ፣ ሰኞ ጠዋት፣ እናቴ ተስማምታለች ሲል ሰማሁት። ተስማምታለች። ገና ሦስት ቀን እየቀረኝ። በሩን ከፍቼ ልገባበት ፈለግኩና ተውኩት። ሳንቃዬን አንስቼ በጓሮ በር ወጣሁ፤ እንባዬን ሰው እንዲያየው አልፈለግኩም።

ካረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ አንድ የእንጨት ገንዳ አለ። ከሱ የሚፈሰው ውኃ በረዶ ሆኖ ግቢውን ሙሉ መስታወት አድርጎታል። በንዴት እየተራመድኩ አላየሁትም። እግሬ ሲከዳኝ ወደቅኩ ብዬ እጄን ጨበጥኩ፤ አልወደቅኩም። ከበሩ እስከ እንጨት ክምሩ ድረስ ተንሸራትቼ፣ ቆሜ፣ ሳንቃዬን እንደታቀፍኩ ቀጥ አልኩ። ቁልቁል እግሬን አየሁ። ቀኙ ከፊት፣ ግራው ከኋላ።

ተመልሼ ደገምኩት። እንደገናም ያው።

እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። በልጅነቴ ጥር ላይ የመስኖው ቦይ ሲረጋ ከሠፈሩ ልጆች ሁሉ አርቄ የምንሸራተት እኔ ነበርኩ። ግራኝ ነበር የሚሉኝ። ድንጋይ በግራ እወረውራለሁ፣ ኳስ በግራ እጠልዛለሁ፣ ቦዩንም በግራ እግሬ ገፍቼ በቀኙ እቀድማለሁ። ትምህርት ቤት ስገባ እማሆይ ኤውፍራዝያ ግራ እጄን በሽርጤ ማሰሪያ ከወንበሩ ጋር አሰረችው። ግራ የሰይጣን ነው አለች። በቀኝ መጻፍ፣ በቀኝ መብላት፣ በቀኝ ማማተብ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ ቀኝ ጉልበት ነው መሬት የሚነካው፤ ግራውን ያስነካሁ ቀን በመቁጠሪያዋ ባት ባቴን አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ሳልሳሳት ተንበርክኬያለሁ።

ኤጎን ተንበርከኪ ሲለኝ የተንበረከክኩት እኔ አይደለሁም፤ እማሆይ ኤውፍራዝያ ናት። አራት ቀን ሙሉ እሷን ነው በሳንቃ ሳንሸራትት የዋልኩት። እዚያው ገንዳው አጠገብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ንዴቱ ደግሞ ደስ አለኝ። ከመቃብሯም ወጥታ ታስረኛለች እንዴ!

ሐሙስ ጠዋት ኤጎንን ቀድሜው ደረስኩ። ማሰሪያውን ገልብጥልኝ አልኩት፤ ቀኙ ወደ ፊት፣ ግራው ወደ ኋላ። ጊዜው አልፏል አለ። ሳምንቱ ሊያልቅ ነው፣ አሁን እንደ አዲስ መጀመር ነው፣ ደግሞስ ግራ ከፊት ብለው ያሳዩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

«የጠየቅከኝ መንበርከክ ነው» አልኩት። «መንበርከክማ አስተምረውኛል። መንሸራተትን ነው ማንም ያላስተማረኝ፤ እሱን ከራሴ ነው የማመጣው።»

ትንሽ ቆየና ከኪሱ መፍቻውን አወጣ።

ተአምር አልሆነም፤ ወደቅኩ። ግን ለምን እንደወደቅኩ አወቅኩ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግራ እግሬ ከኋላ ሆኖ ሲገፋኝ ሳንቃው የምለውን ይሰማ ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ወደ አንድ ጎን ታጠፍኩ፣ ከሰዓት ወደ ሌላው። ኤጎን አንድ ጠብታ ፈገግታ ጣለልኝ። አርብ በገመድ ወንበሩ ወደ ላይ ወጣን። ስወርድ ከወንበሩ ሥር ተነጠፍኩና ሠራተኛው ማሽኑን አቁሞ ሊያነሳኝ ሮጠ። ተው አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እየጠበቀኝ፣ እኔ ተገለበጥኩ፣ በጉልበቴ ሆንኩ፣ ተነሳሁ። ያጉረመረመ አለ። ያጉረምርም።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ኤጎን አብሬዎት ልውረድ ሲለኝ፣ ከኋላዬ ራቅ ብለህ፣ አፍህን ዘግተህ ውረድ አልኩት። ጫፉ ላይ ተቀምጬ እግሬን አሰርኩ። ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ ጌታዬ ቀኝ አውለኝ ነው የምለው። ያን ቀን ግን፣ ጌታዬ፣ አንድ ቀን ግራ አውለኝ አልኩት። የገባው ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ሜዳ ሳልወድቅ ወረድኩ። ከጥዱ ጫካ ጎን መንገዱ ሲጠብ በረዶው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ፤ እዚያ ተንከባለልኩ። አንድ ጺማም ሰውዬ ስኪውን ገትሮ፣ አይዞዎት ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ጓንቱ ትከሻዬን ሊነካ ሲል ቤቴ፣ በለሴ፣ ግድቤ፣ ሁሉም በዚያ ጓንት ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ታዩኝ። አይንኩኝ ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ቸር ሰው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ብቻዬን ተነሳሁ። ቁልቁለቱ ላይ ደገመኝ፣ ተነሳሁ። ሠለሰኝ፣ ተነሳሁ። ከዚያ የመጨረሻው ሜዳ ተከፈተና በረንዳው ከታች ታየኝ።

ሦስቱም ቆመው ነበር። ጋስቶኔ እጁን አጣጥፎ፣ ኢላሪያ አፏን ይዛ፣ ዴኒስ ከአጥሩ ወዲህ በረዶው ላይ ወጥቶ። ግራ ቀኝ እያልኩ ወረድኩ። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ የቦዩ በረዶ ትዝ አለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ ደስታ አያርፍም፤ ልጄ እያየኝ እንደሆነ ለማየት ቀና አልኩ። ሳንቃው ያዘኝ። ከአጥሩ የድንጋይ ውርወራ ያህል ሲቀረኝ፣ በረንዳው ሙሉ ሕዝብ እያየ፣ በግንባሬ ተደፋሁ።

ከዚያ ከባድ የስኪ ጫማ በረዶውን እየሰበረ ሲሮጥ ሰማሁ። ዴኒስ ከበላዬ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ብብቴ ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ፊቱ ያን ቀን ሆስፒታል እንዳየሁት ነጥቷል። ልጄ ፈርቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ቀለም ቅቡና ከዚያ ሁሉ ስልክ ሥር ያለው ፍርሃት ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁት፤ አንጀቴን በላኝ። ቢሆንም እጁን አልያዝኩም። በሆዴ ነበርኩ። ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ሁለት እጄን ጨበጥኩ፣ የተሰበረውንም። በረዶውን ስገፋ የግራ አንጓዬ ጮኸ፣ ግን ያዘ። ቆምኩ። የቀረችውን ሜዳ ተንሸራትቼ የበረንዳውን አጥር ጨበጥኩ።

ዴኒስ ተከትሎኝ መጣ።

«ወድቀሻል» አለኝ፣ እያለከለከ።

«ወድቄያለሁ። እላይም ወድቄያለሁ፣ ጫካውም ዘንድ ወድቄያለሁ። ማን አነሳኝ?»

መልሱ ከኋላዬ፣ ከጋስቶኔ መጣ፤ ሾርባ እንኳ ሲጠጣ የሚያወራው ሰውዬ አንዲት ቃል ብቻ ወጣችው።

«ማንም።»

ዴኒስ አጥሩ ላይ ተደገፈ። ቤት ውስጥ እንደገና ብትወድቂስ ብሎ ጠየቀኝ፤ አልተከራከረም፣ የእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው። እወድቃለሁ አልኩት፤ አሁን እንዴት እንደሚወደቅ ተምሬያለሁ፤ የምትናፍቀኝ ከሆነ ደግሞ እሁድ እሁድ ና፣ ሐምራዊውንም ክፍል ቢሮ አድርጉት። ከዚያ ስልኩን እንዲያወጣ ነገርኩት። እዚያው ፊቴ ለሰዎቹ ደወለ። ሰኞ አትምጡ፣ እናቴ እዚያው ትኖራለች ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ትኖራለች ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ ግን አላት።

ጃኬቴን አወለቅኩና ዴኒስን አሸከምኩት። በላዩ የኢላሪያን ቦርሳ፣ በላዩ የጋስቶኔን አንድ ቀሪ ጓንት ጨመርኩበት። በዚያች ጠረጴዛ፣ እኔ ስቀመጥባት በኖርኩባት ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ጓንቱን እንዳይጥል አስጠነቀቅኩት። ሳንቃዬን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ ገመድ ወንበሩ ሄድኩ፤ ሊዘጋ ገና ጊዜ ነበረው።